ጥፋቱ የጆሮዋ አልነበረም

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ «ለአዲስ ዓመት ለልጄ ኪቦርድ ልገዛለት ነው። አንቺ ቀደም ብለሽ ገዝተሽ የለ? እስቲ ምከሪኝ» አለችኝ። ልመክራት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ከምክሩ በፊት መናዘዝ ያለብኝ ነገር ስለነበረ ነው። ለእሷ በሻይ ሰዓት የነገርኳትን ዛሬ ለእናንተም ልድገመው። ልጅ የምታሳድጉም፣ የልጅ ልጅ ያያችሁም ሳትጠቀሙበት አትቀሩም።

ትንሿን ልጄን ቤት ውስጥ ሚጣ ነው የምንላት። 11 ዓመቷ ነው። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ጣቷ አርፎ አያውቅም፤ የምግብ ጠረጴዛውንም፣ የወንድሟን ጀርባም ፒያኖ ታደርገዋለች። ባለፈው ገና ሰሞን የእቁብ ዕጣ ሲወጣልኝ ባለቤቴ «ፍሪጁን እናስጠግን» አለ። እኔ ግን «ፍሪጁ ይቆየን» ብዬ መርካቶ ወረድኩ።

ሻጩ ሁለት ኪቦርዶች ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። ሁለቱም 61 ቁልፍ አላቸው፤ ሁለቱም ከርካሾቹ ወገን ናቸው። አንደኛው ግን በግራ በኩል፣ ከቁልፎቹ አጠገብ፣ ግማሽ አካሏ ወደ ውስጥ የተቀበረ ትንሽ መዘውር አለችው። «ይሄኛው ፒች ቤንድ አለው» አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ እንዳልገባኝ ሲያይ አሳየኝ። በቀኝ እጁ አንድ ቁልፍ ተጭኖ በግራ አውራ ጣቱ መዘውሯን ወደ ላይ ሲገፋት ድምፁ እየቀጠነ ወጣ፤ ወደ ታች ሲስባት እየወፈረ ወረደ፤ ሲለቃት ደግሞ ወደነበረበት ተመለሰ። ከዚያ የማሲንቆ ድምፅ መርጦ ጥቂት ትዝታ ሲጫወትልኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሌላ ጥያቄ ሳልጠይቅ ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁት።

መዘውሯ ለምን እንደምታስፈልግ የተረዳሁት በኋላ ነው። የኪቦርድ ቁልፎች እንደ ቤት ደረጃ ናቸው፤ በአንዱና በሌላው መካከል የሚረገጥ ቦታ የላቸውም። ማሲንቆ ግን እንደዚያ አይደለም። ተጫዋቹ ጣቱን ጭራው ላይ እያንሸራተተ ነው ከድምፅ ወደ ድምፅ የሚሄደው። ዘፋኞቻችንም ዘለው አይደርሱም፤ እያባበሉ ነው የሚደርሱት። ያንን ማባበል ኪቦርድ ላይ የምታመጣው ይቺ መዘውር ናት። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ በኪቦርድ ሲመጣ የእኛ የእኛ እንዲሸት ከሚያደርጉት ነገሮች አንዷ እሷ ናት።

ዕድሜዋም ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው ሚኒሙግ የተባለ ሲንተሳይዘር ከቁልፎቹ በስተግራ ሁለት መዘውሮች ነበሩት፤ አንዷ ድምፅ ማጠፊያ ነበረች። ከዚያ ወዲህ አቀማመጡ የብዙ ኪቦርዶች ልማድ ሆነ። ሲንተሳይዘር ለእኛም ሙዚቃ እንግዳ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ሥራ ላይ አኮርዲዮኑን ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር አጣምሮ የሀገራችንን ዜማዎች ተጫውቷል። ይህን ያወራኝ አባቴ ናቸው። ስለ እሳቸው እመጣበታለሁ።

የሚጣ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ አለው። የክበቡ ኪቦርድ አንድ ብቻ ስለሆነ ቤታቸው ያላቸው ልጆች የራሳቸውን ይዘው ይሄዳሉ። እኛም በስስ ቦርሳ እየከተትን በሳምንት ሁለት ቀን በታክሲ እናመላልሰው ጀመር። አንዳንዴ ወያላው ከኋላ መቀመጫ ጋር ያጣብቀዋል። ቤት ሲመለስ ደግሞ ከነቦርሳው ከበር ኋላ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተደግፎ ይቆማል። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

እስከ የካቲት ድረስ ቤታችን ደስታ ነበር። መጋቢት ላይ መምህሩ ጠሩኝ። ትሁት ሰው ናቸው። «ልጅዎ ትጉ ናት፤ ጣቷም ጥሩ ነው። ግን ከሌሎቹ ጋር ስትጫወት አትገጥምም። ድምፁን ስታንሸራትት የት ላይ ማቆም እንዳለባት ጆሮዋ አይነግራትም» አሉኝ። ቤት ውስጥ ስትጫወት ሰምቻታለሁ፤ ምንም የተበላሸ ነገር አይሰማኝም። ግን እኔ ስለ ሙዚቃ ምን አውቄ? መምህር ያለው ይበልጣል ብዬ ተመለስኩ።

ማታውኑ ከስልኬ አንድ ዘፈን ከፈትኩና «ከዚህ ጋር አብረሽ ተጫወቺ» አልኳት። እውነትም አይገጥምም። እንደገና ሞከረች፤ አይገጥምም።

«ሚጣ፣ አይሰማሽም?»

«ይሰማኛል እማ። ግን እኔ ልክ ነው የምጫወተው።»

«ልክ ከሆነ ለምን አይገጥምም?»

ዝም አለች። በሌላ ቀን ደግሞ ይገጥማል፤ ከዚያ መሀል ላይ ይበላሻል። ሰነፈች፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ምሽት፣ ደክሞኝ ከሥራ በገባሁበት፣ እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝን ቃል ተናገርኩ፦ «አንቺ ልጅ፣ ጆሮ የለሽም እንዴ?»

ወንድሟ ሳቀ። እሷ ቀና ብላ አይታኝ ኪቦርዱን አጠፋች።

ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ሲደርስ ኪቦርድ የሚጫወቱት ልጆች ስም ወጣ፤ የሚጣ ስም የለም። ከዘማሪዎቹ ጋር ከኋላ ረድፍ አቆሟት። እኔ ከታች፣ ከወላጆች መሀል ተቀምጬ ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሳሁም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የምታወጣ አይመስልም ነበር። ቤት ስንገባ ኪቦርዱን በአሮጌ ነጠላ ሸፍና ከበር ኋላ አቆመችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳትነካው ሲቀር «ምነው፣ ሰለቸሽ?» አልኳት።

«አይ። ጆሮ የለኝማ» አለችኝ፤ ስሟን እንደምትናገር ሁሉ ቀለል አድርጋ።

ሐምሌ ላይ አባቴ ከአዳማ መጡ። አባቴ 76 ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው በቀበሌ ኪነት አኮርዲዮን ይጫወቱ ነበር፤ ዛሬም አኮርዲዮናቸውን ትተው አይንቀሳቀሱም። ለዓይን ሕክምና ሲመጡ እንኳ ከልብሳቸው ሻንጣ በፊት የወረደው እሱ ነው። በማግስቱ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ እኔ ቡና ላፈላ ቁጭ እንዳልኩ፣ «ያ ኦርጋን የት ደረሰ?» ብለው ጠየቁ።

«አልችልም አባባ። ጆሮ የለኝም» አለች ሚጣ።

«ማን አለሽ?»

አልመለሰችም፤ እኔን አየችኝ። እኔ ጀበናውን አየሁ።

አባቴ ሳቁ። «ነይ እስቲ፤ ጆሮ የሌለው ሰው አይቼ አላውቅም፣ ልይ» ብለው ኪቦርዱን ራሳቸው አወጡት። ትዝታን ምቺልኝ አሏት። ፈራ ተባ እያለች ጀመረች። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «እሰይ! ልክ ነሽ» አሉ። ከዚያ አኮርዲዮናቸውን አንስተው ተቀላቀሏት። መጀመሪያ ላይ ገጠመ። ጥቂት ቆይቶ ግን ሁለቱ ድምፆች አንዱ የአንዱን እግር እንደሚረግጥ ሆኑ። አባቴ አቆሙ። እንደገና ከመጀመሪያው። እንደገና ገጠመ፤ እንደገና ተበላሸ።

«ቅድም ገጥሞ ነበር። መሀል ላይ ምን አደረግሽ?»

«ይቺን ስቤ ለቀቅኳት» አለች፤ መዘውሯን እያሳየች።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ስሚኝ ልጄ። ይሄ ማሲንቆ ቢሆን ጥፋቱ የጣቷ ነው እልሽ ነበር። ይሄ ግን ቁልፍ ነው። ቁልፍ ስትጫኚ ድምፁን የሚሰጥሽ ዕቃው ነው፤ አንቺ አይደለሽም። ልጅቷ ቁልፍ ተጭና፣ ሌላውን ለቃ፣ እንዴት አድርጋ ከቅኝት ትወጣለች?»

መልስ አልነበረኝም። ይህን ጥያቄ በአምስት ወር ውስጥ እኔም መምህሩም አልጠየቅንም።

«የእኔም አኮርዲዮን አሮጌ ነው፤ እሱን ብቻ አንመን» አሉና የ16 ዓመቱን ልጄን ጠሩት። እሱ በስልኩ ላይ የሙዚቃ መሣሪያ መቃኛ መተግበሪያ ጫነ። ነጻ ነው፤ ድምፅ ሲሰማ በመርፌ ያሳያል። ሚጣ «ላ»ን ተጫነች። መርፌዋ መሀል ላይ ቆመች። መዘውሯን ወደ ታች ስባ ለቀቀቻትና ያንኑ «ላ» ደግማ ተጫነች። መርፌዋ ወደ ግራ ተንጋደደች፤ 18 ሴንት ወርዷል። ልጄ መዘውሯን በጣቱ ለትንሽ ገፋ ሲያደርጋት መርፌዋ ወደ መሀል ተመለሰች።

«በቃ፣ ወደ ቤቷ አትመለስም» አሉ አባቴ። «መንገድ ላይ ነው የምታድረው።»

18 ሴንት ስንት ነው ትሉ ይሆናል። ሙዚቀኞች ጥቁሮቹንም ጨምሮ በሁለት አጎራባች ቁልፎች መካከል ያለውን ርቀት ለ100 ይከፍሉታል። አንዱን ክፋይ ሴንት ይሉታል፤ ብር በ100 ሳንቲም እንደሚመነዘረው ማለት ነው። መዘውሯ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 200 ሴንት እንድታጥፍ ተደርጋ ነው ከፋብሪካ የምትመጣው። የእኛዋ ወደ ታች ከምትሄደው መንገድ አንድ አሥረኛ የማይሞላ ቀርቷት ነው የምትቆመው። በዓይን አይታይም። ከሌላ መሣሪያ ጋር ሲሆን ግን ጆሮ ይጎረብጠዋል።

እዚህ ላይ ነው ተንኮሉ። መዘውሯ ስትዛነፍ የምታዛንፈው አንድ ቁልፍ አይደለም፤ የሚጫወቱትን ሁሉ በእኩል ነው የምታወርደው። ስለዚህ ልጅቷ ብቻዋን ስትጫወት ሁሉም ነገር እርስ በርሱ ይስማማል፤ ዜማው ዜማ ነው። ብልሽቱ የሚሰማው ከሰው ጋር ስትቀላቀል ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ደህና፣ ትምህርት ቤት መጥፎ። ዛሬ ደህና፣ ነገ መጥፎ። እንዲህ ያለ ነገር ስናይ ወላጆች ማንን እንደምንጠረጥር ታውቁታላችሁ። ዕቃው አዲስ ነው፤ ገንዘብም ወጥቶበታል። ልጅ ደግሞ ሁሌም ጥፋት አያጣትም።

በማግስቱ አባቴና እኔ ኪቦርዱን ሰፈራችን ያለ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ ወሰድነው። የሥሩን ቡሎኖች ፈትቶ ሲከፍተው መዘውሯ የተያያዘችበትን አሳየን። ድሮ ሬዲዮ ድምፅ ስንጨምር «ክርርር» ይል የነበረውን አስታወሳችሁ? መዘውሯ የምታዞረው የዚያን ቢጤ ነው። ውስጡ የካርቦን መስመር አለ፤ መስመሩ ላይ የምትንሸራተት ትንሽ ብረት አለች። ብረቷ የቆመችበትን ቦታ ማሽኑ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የኪቦርድ አምራቾች በሚጠቀሙበት ሚዲ በተባለው የጋራ ቋንቋ ቁጥሩ ከ0 እስከ 16,383 ይደርሳል፤ መሀሉ 8,192 ነው። መሀሉ ላይ ስትሆን ድምፁ አይታጠፍም።

ማሽኑ ግን ጣታችን ከመዘውሯ ላይ መነሳቱን አያውቅም። የሚያውቀው የቆመችበትን ቦታ ብቻ ነው። ወደ መሀል የሚመልሳት ሌላ ማንም ሳይሆን አንዲት ቀጭን ስፕሪንግ ናት። አምራቾችም ይህን ስለሚያውቁ ከመሀሉ ግራና ቀኝ ትንሽ ቦታ ላይ ማሽኑ ለውጡን ችላ እንዲል ያደርጉታል። ያ የሚሸፍነው ትንሿን ስህተት ነው፤ የእኛ አልፎ ሄዷል።

ጠጋኙ ስፕሪንጓን በመቆንጠጫ ከፍ አድርጎ አሳየን። እሷ ደህና ናት። የተሰነጠቀው የምትንጠለጠልበት የፕላስቲክ ጥርስ ነው፤ ውፍረቱ ከክብሪት እንጨት አይበልጥም። ስፕሪንጓ ረግባ መዘውሯን እስከ መጨረሻው አትመልሳትም። በዚያ ላይ መዘውሯ ከወጣችበት ቀዳዳ ጠርዝ ጋር ትፋቃለች።

«እንዲህ ዓይነት ብዙ ይመጣልኛል» አለን። «አንዳንዱ መዘውሩ ዘንጉ ላይ በሙጫ ብቻ ነው የተያዘው፤ ሙጫው ሲለቅ መዘውሩ ይዞራል፣ ዘንጉ ይቆማል። አንዳንዱ አቧራ ገብቶበት ድምፁ ይዘላል። አንዳንዱ ሽቦው እየታጠፈ ይበጠሳል። መብራቱና የድምፁ ብዛት ሱቅ ውስጥ ይታያል፤ ይቺ ጥርስ አትታይም። የሚቆጥቡት ከማይታየው ላይ ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ግድግዳ ተደግፎ ነበር የሚቀመጠው?» አለኝ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ይሄን ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረን ስናስደግፈው፣ ታክሲ ውስጥም ሲጣበቅ፣ ክብደቱ ከላይ ወጣ ባለችው መዘውር ላይ ያርፍ ነበር። ጥርሱ ደህና ውፍረት ቢኖረው ይችለው ይሆናል። እኛም በአግባቡ ብንይዘው ባልተሰበረ ይሆናል። ጥፋቱን ከፋብሪካው ጋር ተካፍለናል፤ የልጅቷ ድርሻ ግን አንድ ሳንቲም እንኳ አልነበረም።

ጥገናው ግማሽ ቀን ፈጀ። ፕላስቲኩን በስቶ ትንሽ የብረት ዘንግ ተከለበትና ስፕሪንጓን እዚያ ላይ ሰቀላት፤ የቀዳዳውን ጠርዝ ሞረደ፤ የካርቦኑን መስመር ለኤሌክትሮኒክስ በተሠራ ማጽጃ አጸዳ። አባቴ ዘይት ጠብ ይደረግበት ሲሉ «ኧረ አባባ! ዘይት አቧራ ነው የሚሰበስበው» ብሎ ከለከላቸው። የከፈልኩት ከአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ ያነሰ ነው።

እንግዲህ ለባልደረባዬ የነገርኳት ምክር ይሄ ነው። ለልጃችሁ ወይም ለልጅ ልጃችሁ ኪቦርድ የምትገዙ ከሆነ፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ሊልክላችሁ ካሰበ፣ ሙዚቃ ባታውቁም ይህን ማድረግ ትችላላችሁ።

አንደኛ፣ መዘውሯን በዓይን እዩ። ሳትነኳት መሀል ላይ ቀጥ ብላ መቆም አለባት። በጣታችሁ ወደ ጎን ስትነኳት የምትወዛወዝ ወይም ጠርዙን የምትፍቅ ከሆነ ሌላ አስመጡ።

ሁለተኛ፣ አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ መዘውሯን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ገፍታችሁ ልቀቁ፤ ከዚያ ወደ ታች ስባችሁ ልቀቁ። አሥር ጊዜ ድገሙት። ሻጮች ቷ አድርገው ነው የሚለቋት፤ በፍጥነት ስትመለስ ሰነፍ ስፕሪንግም ጎበዝ ይመስላል። እናንተ በጣታችሁ እያጀባችሁ ቀስ ብላችሁ መልሷት። ደካማነቷ የሚጋለጠው ያኔ ነው።

ሦስተኛ፣ የልጆቻችሁን ስልክ ተዋሱ። መቃኛ መተግበሪያው ላይ «ላ» 440 ሆኖ ሲነበብ መርፌው መሀል መሆን አለበት። መዘውሯን ከነካችሁ በኋላም እንደገና መሀል መሆን አለበት። ከመጀመሪያውኑ ካልሆነ ደግሞ የኪቦርዱ አጠቃላይ ቅኝት ተነክቶ እንደሆነ ሻጩ ያስተካክለው።

አራተኛ፣ ድምፁ ሲወጣና ሲወርድ እንደ ዘይት መፍሰስ አለበት። ከዘለለ ወይም ከተንተባተበ መስመሩ ቆሽሿል ወይም ዕቃው ከመጀመሪያውም ስስ ነው።

አምስተኛ፣ ስታበሩት መዘውሯን አትንኩ። አንዳንዶቹ ሲበሩ መዘውሯ ያለችበትን ቦታ «መሀል ይሄ ነው» ብለው ይመዘግባሉ፤ ያኔ ተዛንፋ ከነበረች ቀኑን ሙሉ ተዛንፎ ይውላል። የተዛነፈ ከመሰላችሁ አጥፍታችሁ እጃችሁን ሰብስባችሁ አብሩት።

ስድስተኛ፣ ስታስቀምጡት አጋድማችሁ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ይሁን። ለጉዞ ደግሞ መዘውሯ አካባቢ ፎጣ ጠቅልላችሁ አስደግፉላት።

መዘውር የሌለው ኪቦርድስ? ለጀማሪ ልጅ ምንም አይጎድልበትም። የማይሠራ መዘውር ካለው ይልቅ የሌለው ይሻላል፤ የሌለው ቢያንስ አይዋሽም። ያለውን ገዝታችሁ ከተበላሸባችሁና ጠጋኝ እስክታገኙ ከሆነ፣ አንዳንዶቹ ላይ የመዘውሯን አቅም ወደ ዜሮ ማውረድ ይቻላል፤ ያኔ ብትዛነፍም ድምፁን አትነካም። ውድ በሆኑት ላይ አንዳንድ አምራቾች በካርቦን መስመር ፋንታ ሳይነካካ በማግኔት የሚያነብ ነገር ያስገባሉ፤ መፋቅ ስለሌለ ቶሎ አያልቅም። ሆኖም ለ11 ዓመት ልጅ ያን ያህል ገንዘብ አውጡ አልላችሁም። ርካሽ መግዛት ነውር አይደለም። ነውሩ እንደ እኔ ሳይፈትሹ ገዝቶ ልጅን መፈተሽ ነው።

ኪቦርዱ ከጠጋኝ የተመለሰ ዕለት ሚጣን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ልጅን ይቅርታ መጠየቅ እኛ ያደግንበት ነገር ስላልሆነ አንደበቴ ተሳሰረ። «ሚጣዬ፣ ጆሮሽ ደህና ነበር። የተበላሸው ዕቃው ነው። ሳላጣራ ነው የፈረድኩብሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

የተቆጣች አልመሰለችም። «እኔ እኮ ነግሬሽ ነበር እማ» አለችኝ። «ይሰማኛል ብዬሽ ነበር። ልክ ነው የምጫወተው ብዬሽ ነበር።»

እውነቷን ነው። ሁለቱንም ነግራኝ ነበር። ሁለቱም እውነት ነበሩ። እኔ ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ የሚችሉበትን መንገድ አልፈለግኩም፤ ስለ ኪቦርዱ የተጠራጠርኩትን ሩብ ያህል እንኳ ለልጄ ቃል አላዋልኩም።

ለመምህሩም ደወልኩላቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉና «እኔ መሣሪያውን አንድ ቀን ራሴ ይዤ ብጫወተው ኖሮ አውቀው ነበር» አሉ። መስከረም ላይ ክበቡ ሲከፈት የልጆቹን መሣሪያዎች ሁሉ መጀመሪያ በመቃኛ እንደሚያዩ ነግረውኛል። የወላጆች ቀን ግን አልፏል፤ እሱን የሚመልስ ስፕሪንግ የለም።

አሁን ሚጣ በየቀኑ ትጫወታለች። ብቻ አንድ ነገር ቀርቷታል። መዘውሯን ስባ በለቀቀች ቁጥር ታቆምና ወደ እኔ ዞራ «እማ፣ ተመልሷል?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ለሙዚቃ ጆሮ የሌለኝ እናቷ፣ የካስኩ መስሎኝ «አዎ፣ ተመልሷል» እላታለሁ።

አባቴ ግን ወደ አዳማ ከመመለሳቸው በፊት ይህን ሰምተው ተቆጡ፤ የተቆጡት እኔን ነው። «አንቺ አትመልሺላት» አሉኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው «እናትሽን ለምን ትጠይቂያታለሽ? ራስሽ ስሚው» አሏት። ቁልፉን ተጭና አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትንሽ አዳመጠች።

«ተመልሷል» አለች።

መልካም አዲስ ዓመት ይሁንላችሁ። ለከርሞም ሰው ይበለን።